የክራንክ ፑሊ በጣሳ ቁራጭ የሚያስር ጋራዥ አለ፣ ተጠንቀቁ

እጄ ላይ ያለው ግራሶ ሳይለቅ ነው የምጽፈው። ነገ ብዬ ባሳድረው ንዴቴ በርዶ ዝም እላለሁ፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ጅማ ውስጥ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ዓይነቱን ሰው ታውቁታላችሁ። ከፊት መለዋወጫ ይሸጣል፣ ከኋላ ጋራዥ አለው። ገና በር ላይ «ወንድሜ» ይላል። ዕቃው ሁሉ ኦሪጅናል ነው፤ «ይሄንን ሶማሌ ተራ ብትሄድም አታገኘውም» ይላል። ደረሰኝ ስትጠይቀው ማሽኑ ተበላሽቷል። ከዚያ «እዚህ ቆመህ ምን ትሠራለህ፣ ቡና ጠጥተህ ና» ይልሃል። ጉዱ የሚሠራው አንተ ቡናው ጋ ስትሆን ነው።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ግን ተራ አይደለም። 4ኤ-ጂኢ ነው፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት ዘንጎች። ቶዮታ ከያማሃ ጋር ሆኖ የሠራው ሞተር ነው። በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ ሲጮህ የሰማ ሰው ለምን እንደምሳሳላት ይገባዋል። የክራንክ ፑሊው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንኩ) ጫፍ ላይ ታስሮ ቺንጋ የሚያዞረው ክብ ብረት፣ ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ሲዞር መወዛወዝ ጀምሮ ነበር። አዲስ ፑሊ፣ አዲስ ቡሎን፣ የእጅ ዋጋም ተጨምሮ 23,000 ብር ተስማማን። «በቶርክ ሬንች ነው የምናጠብቀው» ብሎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ቡሎን ስንት እንደጠበቀ የሚለካውን ቁልፍ አሳየኝ። ከነማሸጊያ ፕላስቲኩ ነበር የተሰቀለው።

መኪናዬን ተረክቤ የሰርቦን መንገድ ይዤ እየሄድኩ መጀመሪያ የባትሪ መብራት በራ። ቀጥሎ የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ወጣ። በዚህ ሞተር ላይ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፣ ቺንጋውን ደግሞ የሚያዞረው የክራንክ ፑሊው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካበዱ ችግሩ ቺንጋው ወይም ፑሊው ጋ ነው። አጥፍቼ ቆምኩ። በአይሱዙ ተጎትቼ ተመለስኩ።

«እዚሁ ፊቴ ይፈታ» አልኩ። ሰውየው ጫቱን እየቀነጠበ ለልጁ በአገጩ ምልክት ሰጠው። እኔ ረጅም ቧንቧ ቁልፉ ላይ ተሰክቶ ሁለት ሰው ሲታገል ነበር የምጠብቀው። አምስተኛ ማርሽ ገብቶ፣ አንዱ ፍሬን ረግጦ፣ እንዲያም ሆኖ በግድ የሚፈታ ቡሎን ነው። ልጁ አጭር ቁልፍ አስገብቶ አንዴ ገፋ አደረገውና የቀረውን በጣቱ አዞረው። በጣቱ! ፑሊውንም መንቀያ ሳይፈልግ በእጁ ስቦ አወጣው። አብሮት አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። አነሳሁት። የለስላሳ ጣሳ ቁራጭ ነው፣ ቀዩ ቀለም እንኳ አልለቀቀም። ፑሊው እንዳይወዛወዝ ክራንኩ ላይ ጠቅልለውታል። ፑሊውንና ክራንኩን የምታቆላልፈው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ቦታ ላይ ደግሞ የተሞረደ ሚስማር አለ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ገና ፑሊውን አላየሁትም ነበር። ተቀብዬ አገላበጥኩት። አዲስ ጥቁር ቀለም። በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ከሥሩ ዝገት፣ ከዝገቱ አጠገብ ያ የማውቀው ስንጥቅ። የራሴ ፑሊ ነው። የራሴን ፑሊ ቀብተው መልሰው ሸጡልኝ!

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየውን «አንቱ» እያልኩት ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። ከወንበሩ አልተነሳም። «አሮጌ መኪና ይዘህ አዲስ ነገር ትጠብቃለህ እንዴ?» አለኝ። ፑሊው የኔው እንደሆነ አሳየሁት። «ታዲያ የራስህ ዕቃ ከሆነ ምን አጣህ?» ብሎ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ስሙት እስቲ፣ ጅማ ላይ ፎርሙላ ዋን ሊወዳደር ነው!» ሳቁ። ፑሊውን በጣቱ የፈታው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ብሬን ስጠይቅ «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። ያ ማሽን የተበላሸው ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ከ23,000ው ብር በላይ ያንገበገበኝ ያ ሳቅ ነው።

ለሚስቁትም ላልገባቸውም ልናገር። ፑሊው ዝም ብሎ ቺንጋ የሚያዞር ብረት አይደለም። መሃሉ ላይ ያለው ላስቲክ ሞተሩ ውስጥ ነዳጅ በተቀጣጠለ ቁጥር ክራንኩ ላይ የሚመጣውን ንዝረት ይውጣል። ዙሩ ሲጨምር ጫናውም ይጨምራል። ያቺ ሽብልቅ ደግሞ ፑሊውን ልክ ቦታው ታስቀምጠዋለች እንጂ ጉልበት ልትሸከም አልተሠራችም። ጉልበቱን የሚይዘው የቡሎኑ ጭመቃ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ወደ 140 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በኢምፓክት (በሚመታው የማሽን ቁልፍ) «ጠርርር» አድርጎ መተው ስንት እንደጠበቀ አይነግርም፣ በጣት የሚዞረውንማ ተዉት። ጭመቃው ሲላላ ፑሊው ወዲያ ወዲህ ይመታል፣ የሽብልቋ ቦታ ይሰፋል፣ በመጨረሻ የክራንኩ አፍንጫ፣ ፑሊው የሚገባበት ጫፍ፣ ይበላል። የቫልቮቹን ሰዓት የሚጠብቀውን የታይሚንግ ቺንጋ የሚያዞረው ጥርስም እዚያው አፍንጫ ላይ ስለሆነ እሱም ቦታውን ሊስት ይችላል። ፑሊ ይቀየራል። ክራንክ ግን ሞተሩ ወርዶ፣ ተበትኖ ነው የሚቀየረው። የኔው አፍንጫ አይጥ የበላው ይመስላል። ቶርኖ ቤት ያሳየሁት ባለሙያ በብየዳ ሞልቶ መቅረጽ እንደሚቻል ነገረኝ፣ ግን ሞተሩ እንዲህ በከፍተኛ ዙር ለሚዞር ዋስትና አልሰጥም አለ። እሱ እንኳ እውነቱን ተናገረ።

በቃ፣ ምክር ከተባለ ይሄው ነው፦ ቡናው ይቅርባችሁ፣ እዚያው ቁሙ። የድሮው ፑሊ ላይ ምልክት አድርጉና ሲወጣ ተቀበሉ። ቶርክ ሬንቹ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ቡሎኑ ላይ «ቀጭ» ሲል ስሙ። ማሽኑ ከተበላሸ ሌላ ቤት ሂዱ።

የጋራዡን ስም እዚህ አልጽፍም። ሞተሩ አሁን ሌላ ጋራዥ ወርዶ ተቀምጧል። የ4ኤ-ጂኢ ክራንክ ያለው ሰው ካለ፣ ያገለገለም ቢሆን አፍንጫው ያልተነካ ከሆነ፣ ጅማም ይሁን አጋሮ፣ አዲስ አበባም ቢሆን ይጻፍልኝ። ፑሊም አብሮ ካለ እወስዳለሁ፣ ቀለም ያልተቀባ።