የተፈጨ አሸዋ ከአቃቂ አካባቢ፦ የወንዙን ይተካል?

ለአርማታ ይተካል፤ ለልስን ግን ወንፊት ይፈልጋል። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉ ክሬሸሮች ከጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ የሚሸጠውን አሸዋ መመዘን ያስፈለገው፣ የሞጆ ወንዝ የአሸዋ ቁፋሮ ይስፋፋ በተባለ ቁጥር «ታዲያ በምን እንገንባ?» ስለሚባል ነው።

ሳይወርድ ይፈተሽ። አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ፣ በላዩ ውሃና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሮ አጥብቆ መነቅነቅ፣ ከዚያ 3 ሰዓት ማሳረፍ። ከላይ የሚተኛው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ከ6 በመቶው ገደብ አልፏልና የወንዝ አሸዋ ከሆነ ይታጠብ ወይም ይመለስ። በተፈጨው ላይ ያው ንብርብር ወፈር ሊል ይችላል፤ ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ዱቄት እንጂ ጭቃ አይደለም። በጣት ሲያሹት ይሻክራል፤ ጭቃ ያሟልጫል፣ ቆዳ ላይም ይለጠፋል።

ትልቁ ችግር ውሃ ነው። ፍሬው ሹል ስለሆነ ቡኬቱ (የተቦካው ድብልቅ) ይደርቃል፣ ሠራተኛው ቱቦውን ይለቃል፣ አርማታውም ጥንካሬ ያጣል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ25 ሊትር በላይ ውሃ አይግባ፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀነስ። አልላወስ ካለ ውሃ ከመጨመር አድሚክስቸር (ድብልቁን የሚያላላ ኬሚካል) መጠቀም ይሻላል። ለልስን በደቃቅ ወንፊት ነፍቶ፣ ቀድሞ በእጅ ካለ የተጣራ የወንዝ አሸዋ ጋር እኩል በእኩል ቢደባለቅ ይሠራል፤ ለብቻው ግን ማንኪያውን ይቧጥጣል፣ ግድግዳውም ይሰነጣጠቃል።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስችለው ወንዙ ነው። የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይገባል፤ ቆቃ ቀድሞውንም ደለል የበዛበት ግድብ ነው። የባርበስ ወገን ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥርት ያለ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር መሃል ነው። ኤክስካቫተር ጠጠሩን ሲያነሳ መጣያው ይጠፋል፤ የሚደፈርሰው ውሃ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ በተረፉት እንቁላሎች ላይ ደለል ያለብሳል፣ ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። ወለሉ ሲጎደጉድ ዳርቻው ይናዳል፣ በአቅራቢያው ያለ የጉድጓድ ውሃም ይሸሻል። ስለዚህ የቁፋሮውን ማስፋፊያ አጥብቀን እንቃወማለን።

ክሬሸሩም ንጹሕ የሚሆነው እጣቢውን በማጣሪያ ገንዳ ሲያስቀር ብቻ ነው፤ ወደ አቃቂ ወንዝ ከለቀቀው ጥፋቱ ያው ነው። ሲገዙ ገንዳውን አሳዩን ይበሉ።

ሻጩ «የተፈጨ ነው» ቢልም ዝገን አድርጎ ማየት ነው። ክብ ክብ ፍሬና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ካለበት ከወንዝ የወጣ ተደባልቆበታል። የወንዙን ቁፋሮ በተመለከተ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት መሆን አለበት፤ ተቃውሞ የሚያቀርብ ሰው የሚቆፈረውን ጥልቀት፣ ከዳርቻው የሚራቀውን ርቀትና በክረምት ቁፋሮው ይቆም እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ዓሦቹ እንቁላል የሚጥሉት በዚያው ወራት ነው።