ለልጆች መክሰስ የሚሆን ቆሎና በሶ፦ በደብረ ብርሃን ጠባሴ የምትገኝ አንዲት ሱቅ

ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚቀምሱት መክሰስ ለረጅም ጊዜ ብስኩትና ለስላሳ ነበር። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር እንደሚይዝ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን እንደመከረ ካወቅሁ በኋላ ግን፣ ጠባሴ ካለች አንዲት የቆሎና የበሶ ሱቅ መሸመት ጀመርሁ።

የሱቋ ብርታት ገብሷ ነው። ሰሜን ሸዋ የገብስ አገር ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ባለቤቷ ግን ለቆሎ የሚወስዱት «ሰነፍ ቆሎ» የተባለውን፣ ገለባው ሳያስቸግር የሚለቀውን ዘር ነው። በሰፊ ምጣድ እያማሰሉ ይቆሉትና በሰፌድ ያበጥሩታል። ፍሬው ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ አልከሰለም፣ ጠጠርም ገጥሞኝ አያውቅም። ሽምብራውም እንደዚሁ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲኑም ለሚያድግ ልጅ ይጠቅማል።

ዳቦ ቆሎውን ግን ለልጅ አልመክርም፤ የተጠቀለለበት ወረቀት እስኪረጥብ ድረስ ዘይት ይበዛበታል። ለውዙም አንድ ጊዜ የሻጋታ ሽታ ነበረው። ለውዝ ሲሻግት የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ወዲያው መለስሁላቸው፤ ሳይከራከሩም ለወጡልኝ። ሆኖም ቆሎው መቼ እንደተቆላ በከረጢቱ ላይ አለመጻፉ ጉድለት ነው፤ በቶሎ ሊያርሙት ይገባል።

ሌላው ያሳሰበኝ ቆሎና ለውዝ የተደባለቀበት ቅይጡ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ለውዝም ሆነ ጠንካራ ቆሎ ሊያንቀው ይችላል፤ እኔም የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። «እትዬ፣ ለትንሿ የሚሆን ምን አለዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው «ለእሷስ በሶ ይውሰዱላት እንጂ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ስለሆነ እሳት አያስፈልገውም፤ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ጨው አሽቼ በጣቶቿ ልክ ትንንሽ ጭብጦ አደርግላታለሁ። በፍስክ ቀን ቅቤ፣ በጾም ደግሞ የኑግ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ።

አሁን በየቅዳሜው ሁለት ጣሳ ገብስና አንድ ጣሳ ሽምብራ ለየብቻ አስፍሬ ለትልቁ ልጄ፣ አንድ ኪሎ በሶ ደግሞ ለታናሿ እወስዳለሁ።