ካምቢዮው ሳይወርድ ችግሩን ላገኘልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ይህን የምጽፈው ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ስሜ አይጠቀስ ስላለኝ አልጠቅሰውም፤ ሳላመሰግነው ማለፍ ግን አልቻልኩም።

መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ደህና አድርጎ እንዲይዝልኝ ብዬ ሎካፑን በእጄ የማዝበት ስዊች አስገጥሜ ነበር። ለማያውቀው፣ ሎካፕ ማለት ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ያለ ፍሪሲዮን ነው፤ ሲይዝ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ያገናኛል። የሚያዘው የመኪናው ኮምፒውተር ነው፣ በአንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቫልቭ) በኩል። መኪናው ሲቆም መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ፣ ማንዋል መኪና ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሲቆም እንደሚሆነው ሞተሩ ይጠፋል።

የእኔም እንደዚያ ሆነ። ጠዋት ደህና ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ ግን በቆምኩ ቁጥር ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ስካነር ሲሰካ ፒ0743 ይላል፣ የሎካፕ ሶሌኖይዱ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር አለበት ማለት ነው። ሁለት ቦታ ወሰድኩት። አንዱ ኮዱን አጥፍቶ መለሰልኝ፣ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሌላው ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ስሄድ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ "ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረው፣ በኋላ የተጨመረ ነገር አለ?" ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። ስዊቹን አሳየሁት። የካምቢዮውን ዘይት አይቶ አሸተተው፤ ቀይ ነው፣ የመቃጠል ሽታ የለውም። ሶሌኖይዱን ለካው፣ 13 ኦም፣ ጤነኛ። የስዊቹን ፊውዝ ነቅሎ ነዳነው። ሲሞቅ ያው ጠፋ። እኔ በዚህ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ስዊቹ ተነቅሎም ከጠፋ በቃ ካምቢዮው ነው ብዬ። እሱ ግን "ቆይ፣ ገና አልለካንም" አለኝ።

ከሶሌኖይዱ መስመር ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ስቦ መልቲሜትሩን እኔን አስያዘኝና እሱ መንዳት ጀመረ። በቆምን ቁጥር ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንድ ቦታ ስንቆም ቁጥሩ ዘሎ 13.8 ቮልት ሆነ፣ ሞተሩም ወዲያው ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ስካነሩ ላይ ኮምፒውተሩ ሎካፕ አላዘዘም። ፊውዙ ተነቅሏል። ኤሌክትሪኩ ከሌላ ቦታ እየገባ ነው ማለት ነው።

መኪናው ስር ገብቶ የተጨመረውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ተከተለው። ጭስ ማውጫው አጠገብ ከኦክስጅን ሴንሰሩ ማሞቂያ ሽቦ ጋር አንድ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ሲልጠው የሁለቱም ላስቲክ ቀልጦ፣ የክብሪት ጭንቅላት የምታክል መዳብ ከዚህም ከዚያም ወጥታ ታየች። ሲሞቅ ይነካካሉና የማሞቂያው ኤሌክትሪክ ወደ ሶሌኖይዱ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ይላቀቃሉ። ለዚህ ነበር ካምቢዮ ሊወርድ የነበረው!

ጥገናውም እንደ ፍለጋው ነው። ሽቦውን ወግቶ የሚይዘውን ማያያዣ አውጥቶ ጣለው፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። መስመሩን ከጭስ ማውጫው አርቆ ዘረጋ፣ መገጣጠሚያዎቹን በሊድ በየዳቸው። ስዊቹን እንዲያነሳው ጠይቄው ነበር፤ ከፈለግከው በትክክል ይሠራ አለኝ። ባለ አምስት እግር ሪሌ (በኤሌክትሪክ መስመር የሚቀይር ማብሪያ) ገጠመ፣ ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ወይ ከኮምፒውተሩ ወይ ከስዊቹ ብቻ እንዲያገኝ። ስዊቹ ሲበራ ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዱ የጠፋ መስሎት ኮድ እንዳያወጣ በቦታው 13 ኦም ሬዚስተር፣ ስለሚግል 25 ዋት የሆነውን መርጦ ብረት ላይ አሰረው። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ሎካፑ በራሱ ይለቃል። ይህ መጀመሪያም መኖር ነበረበት።

የሠራውን ሁሉ ወረቀት ላይ በእጁ ስሎ፣ የሽቦዎቹን ቀለም ጽፎ ሰጠኝ። "ነገ ሌላ ሰው ቢነካው እንዳይቸገር" አለ። ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬውኑ ይድረስልኝ ለሚል ሰው ላይመች ይችላል፤ ሁለት ቀን ወስዶብኛል። ለእኔ ግን ሁለቱም ቀን ይገባው ነበር። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ተጨማሪ ሽቦ ያለበት መኪና ኖሯችሁ ካምቢዮ ይውረድ የተባላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ምን እንዳስጨመራችሁ ከመጀመሪያው ንገሩት።