በእንግሊዝ ቦዮች ለረጅም ጉዞ፦ ጠባብ ጀልባ መከራየት ወይስ መግዛት?

ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ወራት የሚፈጅ የቦይ ጉዞ ሲያስቡ፣ ወርዱ ከ2 ሜትር ብዙም የማያልፈውን ጠባብ ጀልባ መከራየት ወይም መግዛት ይኖርባቸዋል።

ወጪ፦ የኪራይ ገንዘብ ተከፍሎ የሚቀር ነው። የገዛ ሰው ጀልባውን መልሶ ሊሸጥ ይችላል፤ ሆኖም የፈቃድ ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ በየ4 ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ እንዲሁም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ የብረት ሆዱን ሬንጅ መቀባት ይጠብቁታል።

ቅለት፦ ሞተሩ ቢቆም ተከራይ ለአከራዩ ይደውላል፤ ባለቤት መካኒክ ይፈልጋል። የውኃ በሮቹን፣ ማለትም ውኃ እየተሞላባቸውና እየጎደለባቸው ጀልባውን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉትን ባለ በር ክፍሎች፣ በእጅ የመክፈትና የመዝጋት ድካም ግን ለሁለቱም እኩል ነው። በዴቫይዝስ ከተማ አጠገብ፣ ኬን ሂል በተባለው ሥፍራ ብቻ 29 የውኃ በሮች ያሉ ሲሆን፣ 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ተደርድረዋል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከገንዘቡም በፊት ይህን ቢያስብ ይሻላል።

ስጋት፦ ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ባለቤት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ በተለመደው ሁኔታ በአንድ ሥፍራ ከ14 ቀናት በላይ አይቆይም፤ የሐኪም ቀጠሮ ለሚበዛበት ሰው ይህ ከባድ ነው።

ኑሮውን ገና ላልሞከሩት፣ ቤታቸውንም መልቀቅ ለማይፈልጉ ኪራይ ይስማማል። ዓመቱን በውኃ ላይ ለማሳለፍ ለቆረጡ ግዢ ይመረጣል፤ አንዳንድ የሰሜን የውኃ በሮች አጫጭር ስለሆኑ ግን ጀልባው ከ17 ሜትር ገደማ ባይረዝም ይበጃል።