ሜድላይንፕለስ ከድሬ ሲታይ፦ ይታመናል፣ አገሩን ግን አያውቅም

ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ስልኩን ከፍቶ ቢጠይቅ አንዱ ገጽ «አይቡፕሮፌን ውሰድ» ይለዋል፣ ሌላው «አይቡፕሮፌን እንዳትነካ»፣ በቴሌግራም የተላለፈለት ደግሞ «የፓፓያ ቅጠል ጨምቀህ ጠጣ»። ሦስቱም ሲናገሩ ጥርጥር የለባቸውም። እንዲህ ሲጋጭበት ዳኛ ለሚፈልግ ሰው በነጻ ከሚገኙት መካከል ቀድሞ የሚጠራው ሜድላይንፕለስ (MedlinePlus) የተባለው የጤና መረጃ ድረ ገጽ ነው። እዚህ የምንመዝነው ድሬ ላይ፣ ከዚራ ወይም መጋላ ሰፈር ሆኖ ለሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ዋሽንግተን ለተቀመጠ ሰው ፍርዱ ሌላ ይሆናል።

አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ1998 የከፈተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ክፍያ፣ ምዝገባም ሆነ ማስታወቂያ የለውም፤ ገጹ ላይ የሚሸጥ መድኃኒትም ሻይም አታገኙም። የበሽታ ገጾች፣ የመድኃኒት ገጾች፣ የላብራቶሪ ምርመራ ማብራሪያ፣ እንዲሁም በሌሎች ቋንቋዎች የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። የላብራቶሪው ክፍል ሳይወራለት የቀረ ነው፤ ውጤታችን በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ተሞልቶ ለሚሰጠን ለእኛ ግን ከሁሉ በላይ የሚያገለግል እሱ ነው። የምርመራው ስም ይጻፋል፣ ለምን እንደሚታዘዝና ቁጥሩ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ይነግራል። «መደበኛ» የሚባለው መጠን ግን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ስለሚለያይ፣ ማነጻጸሪያው ወረቀታችሁ ላይ ከውጤቱ አጠገብ የታተመው ነው።

አጠቃቀሙ ላይ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ስም ነው። አሜሪካኖች ፓራሲታሞልን አሲታሚኖፌን ይሉታል፤ ለአስም የሚነፋውን ሳልቡታሞል አልቡተሮል፤ የስኳሩን ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ግላይቡራይድ። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት መድኃኒት ያለ ይመስለዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከውን ታይለኖል ከሰፈር ፋርማሲ ከገዛው ፓራሲታሞል ጋር ደርቦ የሚውጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። የጉንፋን ፍሬዎች ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል አለ፤ ካርቶኑን ማንበብ ነው።

ወደ ትኩሳቱ እንመለስ። በኢትዮጵያ ደንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት) ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ድሬ ላይ ነው። በ2019 ደግሞ ሌላው በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት፣ ቺኩንጉንያ፣ ከተማውን አዳርሶታል። ስለዚህ የአይቡፕሮፌኑ ጭቅጭቅ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ጸብ የለም፤ የተጠየቁት ለየቅል ነው። «ውሰድ» ያለው ገጽ የሚናገረው ስለ ጉንፋንና ስለ ተራ ትኩሳት ነው። «አትንካ» ያለው ስለ ደንጊ ነው፤ ደንጊ ፕላትሌትን (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን የደም ሕዋሳት) ያወርዳል፣ እነ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ የፕላትሌትን ሥራ ያውካሉ፣ ጨጓራንም ያስቆጣሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የመድማት አደጋ ይጨምራል። የሜድላይንፕለስ የደንጊ ገጽም የዓለም ጤና ድርጅትም እዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው፦ ለሕመሙና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል።

ጉድለቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአሜሪካ ገጾች «አትውሰዱ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ በስም የሚጠሩት አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ወገቡን ሲያመው ቶሎ የሚያነሳው ግን ዲክሎፌናክ ነው፤ በፍሬም፣ በመርፌም። ዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ያላየ አንባቢ «ይሄ ተፈቅዷል» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። አልተፈቀደም። የዲክሎፌናክን የመድኃኒት ገጽ ለብቻ ሲከፍቱት ከነአይቡፕሮፌን ቤተሰብ እንደሆነ ይነግራል። እንግዲህ እዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ መክፈት ነው፤ የበሽታውንም፣ እጃችሁ ላይ ያለውን መድኃኒትም። አንዱን ብቻ ያነበበ ግማሹን ነው ያነበበው።

ሌላው በስልክ ላይ በብዛት የሚዞረው ስህተት «ትኩሳቱ ከለቀቀው ዳነ» የሚለው ነው። ደንጊ ላይ አደገኛው ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚመጣው። ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ደም፣ ትውከት ወይም ሰገራ ውስጥ ደም፣ መቁነጥነጥ ወይም መዛል፣ ፈጣን ትንፋሽ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ንባቡን ትቶ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ጤና ተቋም መሄድ ነው። ደግሞም ወባን ከደንጊ በሕመሙ ስሜት ብቻ የሚለይ ገጽ የለም፤ ድሬ ላይ ትኩሳት ማለት የደም ምርመራ ማለት ነው።

ስለ ፓራሲታሞል መጠን ያለው ግጭትም ሲፈታ ቀላል ነው። አንዱ ለአዋቂ «በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አይለፍ» ይላል፣ ሌላው «ከ3 ግራም»። ባለ 500 ሚሊግራሙ ሲቆጠር 8 ፍሬና 6 ፍሬ ነው። 4 ግራም የቆየው ጣሪያ ነው፤ 3 ግራሙን ያስለመደው የታይለኖል አምራች እ.ኤ.አ. በ2011 ባለ 500 ሚሊግራሙ ምርቱ ላይ ለጥንቃቄ ብሎ ዝቅ ያደረገው ገደብ ነው። ሁለቱም የመረጃ ስህተት የለባቸውም። የጉበት ችግር ያለበት፣ አዘውትሮ የሚጠጣ፣ ክብደቱ በጣም ያነሰ ሰው ሁለቱንም ትቶ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠይቅ።

የልጆች ሽሮፕ ላይ ግን ሜድላይንፕለስም ሆነ ሌላው የአሜሪካ ሰንጠረዥ በቀጥታ አይገለበጥም፤ ይህን በድፍረት እንናገራለን። እነሱ ዘንድ የልጆች ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትሩ 160 ሚሊግራም ይይዛል። እዚህ የምታገኙት ጠርሙስ 120 ወይም 125 ሊሆን ይችላል፤ 250 የሆነም አለ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። የተለመደው መጠን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ስለሆነ ለእሱ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ይመጣል። የአሜሪካው ሰንጠረዥ «5 ሚሊ ሊትር» ቢል በእነሱ ጠርሙስ 160 ነው፣ ልክ ነው። በ120ው ጠርሙስ ዝቅተኛውን ብቻ ይነካል። በ250ው ግን በኪሎ ከ20 በላይ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ሲደጋገም ቀልድ አይደለም። ከኢንተርኔት ሚሊግራሙን ውሰዱ፤ ሚሊ ሊትሩን ከራሳችሁ ጠርሙስ አስሉ። የሻይ ማንኪያም መለኪያ አይደለም፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ፋርማሲ ይገኛል።

የቀን ጉዳይ። የሜድላይንፕለስ ትልቁ ጥቅም ገጹ መጨረሻ ላይ የተከለሰበትን ቀን ማስፈሩ ነው፤ ከመጀመሪያው መስመር በፊት እሱን ማየት ይለመድ። ቀን ለድሬ ምን እንደሚያመጣ በወባው ይታያል። የቆዩ ጽሑፎች ወባን በኢትዮጵያ በአብዛኛው የገጠር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚበረታ በሽታ አድርገው ያቀርባሉ። ሲጻፉ እውነት ነበሩ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተገኘች ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። ይህቺ የከተማ ትንኝ ናት፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች፣ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 ድሬ ላይ በበጋ የተነሳው ወባ ከእሷ ጋር ነው የተያያዘው። የ2014 ጽሑፍ ይዞ «አሁን ወቅቱ አይደለም» የሚል ሰው የውሸት መረጃ አላነበበም፤ ያረጀ ነው ያነበበው።

እዚህ ላይ የእኛው የዘመን አቆጣጠር ራሱ ወጥመድ ይሆናል። የቴሌግራም ጽሑፍ «በ2016 የወጣ ጥናት» ሲል ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው፤ ለወባው ደግሞ የመጀመሪያዋ ትንኝ ከተገኘችበት እስከ ወረርሽኙ ማግስት ድረስ ያለ ጊዜ ነው። ሁለቱንም ያልጻፈ ጽሑፍ ቀን እንደሌለው ይቆጠር።

ለወባ ሕክምና ግን ሜድላይንፕለስን አንመክርም። የአሜሪካ ገጾች ወባን የሚያዩት በአብዛኛው በመንገደኛ ዓይን ነው። «ክሎሮኪን አፍሪካ ውስጥ አይሠራም» የሚለውን የሚያነብ ሰው ጤና ጣቢያ የተሰጠውን ክሎሮኪን ሊጥል ይችላል። አረፍተ ነገሩ ፋልሲፓረም ስለተባለው የወባ ዓይነት ነው። እኛ አገር ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነትም አለ፣ ለእሱ ክሎሮኪን ከፕሪማኪን ጋር ሲሰጥ የኖረ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው የትኛው እንደሆነ ሳይታይ ስልክ ላይ መከራከር ዋጋ የለውም።

ደም ግፊት ላይም እንዲሁ። 130/80 «ግፊት ነው» የሚለው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት በ2017 ያወጡት መስፈርት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው መድኃኒት የሚጀመርበትን በአጠቃላይ 140/90 ላይ አስቀምጧል፣ የልብ ሕመም ላለበት ግን የላይኛው ከ130 ጀምሮ። በርጫ ላይ ሆኖ ወይም ቡና እንደጠጡ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ደግሞ ለየትኛውም መስፈርት አይሆንም፤ ጫትም ካፌይንም ግፊት ያስነሳሉ። ስኳር ላይ የሚምታታው መለኪያው ነው፦ የእንግሊዝ ገጾች በሚሊሞል ይጽፋሉ፤ በ18 ሲባዛ እኛ የምንጠቀምበትን ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሰጣል። በባዶ ሆድ 7 ማለት 126 ነው።

የአማርኛው ክፍል ያሳፍራል ማለት ይከብዳል፣ ግን ስስ ነው። ከተለያዩ ድርጅቶች የተሰበሰቡ፣ በአብዛኛው አሜሪካ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጁ ጽሑፎች ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጋር እንግሊዝኛው መቀመጡ ለማመሳከር ይረዳል። የኦሮምኛና የሶማልኛ ክፍልም መኖሩ ለድሬና ለሐረር ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን በጉግል ትርጉም የሚያነብ ሰው ሁለት ቦታ ይጠንቀቅ። አንደኛው ሰዓት ነው፦ «ጠዋት 8 ሰዓት» ተብሎ የተተረጎመ መመሪያ የእነሱ 8 ነው፣ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት። ሁለተኛው «በየአራት ሰዓቱ» እና «በቀን አራት ጊዜ» ነው። የመጀመሪያው ስድስት ጊዜ ነው፤ ሁለት ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ከሆነ 6 ግራም ይደርሳል። የመጠን ቁጥር ያለበትን መስመር ሁልጊዜ ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዩ።

ፓፓያውስ? ሕንድና ማሌዥያ ውስጥ በተደረጉ ትናንሽ ሙከራዎች የቅጠሉ ጭማቂ ፕላትሌት ከፍ ማድረጉ ተጽፏል፤ «ተረጋግጧል» የሚሉት ይህን ይዘው ነው። ፕላትሌት ግን ሰው ሲያገግም በራሱም ይወጣል፣ የቁጥር መውጣትም ሞትን ወይም መድማትን ቀነሰ ማለት አይደለም። አንድ ጥናት ሲጠቀስላችሁ የተለካው ምን እንደሆነ ፈልጉ፤ የሐረሩ ጥቁር አዝሙድና ሺፈራው ላይም የሚሠራው ይኸው ጥያቄ ነው። እግረ መንገድ፦ «የሆንኮድ ማኅተም (ለታመኑ የጤና ድረ ገጾች ይሰጥ የነበረ ምስክር) ያለበትን ድረ ገጽ እመኑ» የሚል ምክር ዛሬም ይዞራል። ማኅተሙን ይሰጥ የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ አቁሟል።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መልስ ሰጪዎችን ከዚህ ጋር ማወዳደር አይገባም፤ አማርኛቸው ያምራል፣ ገጹ የቱ እንደሆነና መቼ እንደተከለሰ ግን ሁልጊዜ አይናገሩም። የተናገሩትን የመድኃኒት ስም ወስዶ ሜድላይንፕለስ ላይ መፈተሽ ይቻላል።

መድኃኒት ከወሰዳችሁ በኋላ ያልተጠበቀ ነገር ከታየ፣ ወይም ማሸጊያው ካጠራጠራችሁ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው፤ ይህን ሜድላይንፕለስ አይነግራችሁም። ያነበባችሁትን ለፋርማሲስት ወይም ለሐኪም ልታሳዩ ስክሪንሾት ስታነሱ ደግሞ የገጹን ስምና ቀኑ ያለበትን የታችኛውን ጫፍ ጨምራችሁ አንሱ፤ መሃሉን ብቻ ቆርጦ የመጣ ሥዕል ከቴሌግራሙ አይለይም።