ደሴ ላይ ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ክትትል

አባቴ የፕሮስቴት ዕጢያቸው በካንሰር ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ወዲህ ክትትላቸውን የሚያደርጉት ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ለአንድ የደም ምርመራ ሲባል 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ መጓዝ ለአዛውንት ምን ያህል እንደሚከብድ ለሚያውቅ ሰው፣ አገልግሎቱ ቅርብ መሆኑ ብቻውን እፎይታ ነው።

ሐኪሙ ታጋሽ አስረጂ ናቸው። የክትትሉ ዋና መሣሪያ የሆነው የፒ.ኤስ.ኤ. ምርመራ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካበት ነው)፣ ዕጢው ከወጣ በኋላ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ0.1 ናኖግራም በታች መሆን እንዳለበት፣ 0.2 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ግን የበሽታው መመለስ ምልክት ሆኖ እንደሚወሰድ በወረቀት ላይ ጽፈው አሳይተውናል። በጨረር ለታከመ ሰው ግን ዕጢው በቦታው ስለሚቆይ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ከደረሰበት ዝቅተኛ ደረጃ በ2 ሲጨምር ነው የሚያሳስበው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከላቦራቶሪው ነው። መመርመሪያ ኬሚካል ባለቀበት ጊዜ የአባቴ ደም ሳይነገረን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ቁጥሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ መጣ፤ ቤተሰቡም እንቅልፍ አጣ። ምርመራው በቀድሞው ላቦራቶሪ ሲደገም ግን ውጤቱ እንደ በፊቱ ሆኖ ተገኘ። የተለያዩ መሣሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር እኩል ስለማይሆን አንድ ታካሚ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ መመርመር አለበት፤ ይህን ቀድሞ መንገር የክሊኒኩ ግዴታ ነበር። ውጤቶቹም በአንድ ካርድ ላይ በተከታታይ አይመዘገቡም፤ በየብጣሽ ወረቀቱ ተበትነው ይቀራሉ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ነርሱን ነው። አባቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንት ጠብ ስለሚልባቸው ውዱዓቸው የሚፈርስ መስሏቸው መስጊድ መሄድ አቁመው ነበር፤ ለልጆቻቸውም ለሐኪሙም አልተናገሩም። ነርሱ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባባ፣ ሲያስልዎት ወይም ከመቀመጫ ሲነሱ ሽንት ያመልጥዎታል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን ሁሉንም አወጡት። እሱም ፈስ እንደሚይዝ ሰው የመቀመጫን አካባቢ ጡንቻ አጥብቆ መያዝን፣ ቀስ በቀስ እስከ 10 ሴኮንድ እያቆዩ መልቀቅን፣ ይህንንም በቀን 3 ጊዜ መደጋገምን አስተማራቸው። የሃይማኖቱን ጉዳይ ሼሁን እንዲጠይቁ መከራቸው፤ ሼሁም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱዕ አድርጎ መስገድ እንደሚችል ነገሯቸው። ቡና ፊኛን ስለሚያስቸኩል እንዲቀንሱም አሳሰባቸው፤ በእኛ በወሎዎች ቤት ከበረካ በፊት መነሳት ቀላል ባይሆንም፣ አባቴ አሁን ከአቦል አያልፉም።

ስለ ወሲብ ግን የሚጠይቅ የለም። ቀዶ ሕክምናው የብልት መቆምን ሊያዳክም እንደሚችል እየታወቀ ነገሩ በዝምታ ይታለፋል፤ ዝምታው ደግሞ ሰውን ያለ ማዘዣ ክኒን ወደ መግዛት ይወስደዋል። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሲልዴናፊልን የመሰለ የብልት መቆምን የሚያግዝ ክኒን የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ሚስቶችም ወደ ምክክሩ ሊጋበዙ ይገባ ነበር፤ እናቴ ሁልጊዜ በረንዳ ላይ ናት።

መጠበቂያው ቦታ ላይ ከሐይቅ የመጡ አንድ አባት ካንሰሩን ለመግታት የወንድ ሆርሞንን የሚቀንስ መርፌ በየ3 ወሩ እንደሚወጉ አጫውተውናል። መርፌው አጥንትን ሊያሳሳና የደም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ እሳቸው ግን ስኳራቸውን የለካ፣ ስለ አጥንታቸውም የጠየቀ ሰው አላጋጠማቸውም። አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ጋር ሲመጣ፣ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ድንገት ሲያቅት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። ካንሰሩ ወደ አከርካሪ ተዛምቶ ሕብለ ሰረሰርን ከተጫነ በሰዓታት ልዩነት እግር ሽባ ሊሆን ይችላል።

ክሊኒኩን ለሌሎች እመክራለሁ። የሚሄድ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና የወጣውን ዕጢ የናሙና ምርመራ ውጤት ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ፤ ደሙ የት እንደሚመረመር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከሐኪሙ ሲወጣም ነርሱን ሳያገኝ አይሂድ።