ባለ መለኪያ የብስክሌት ፓምፕ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ብር አታውጡ

በባሕር ዳር የመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ሰሞኑን የሚሸጥ አንድ የብስክሌት ንፋስ መሙያ ፓምፕ አለ። ቁመቱ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ከታች በእግር ረግጠው ከላይ በሁለት እጅ ይገፉታል። ከግርጌው የእጅ ሰዓት የመሰለ ክብ መለኪያ ተገጥሞለታል። ካርቶኑ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የአምራቹ ስምም ሆነ አድራሻ አልተጻፈበትም። እኔ 2,600 ብር ከፍዬ ገዛሁት። መለኪያው 50 ሲል ጎማዬ ውስጥ ያለው ንፋስ 28 ብቻ ነው። ይህን ሳላውቅ አምስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ነዳሁበት።

ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የማይነዳባት ቤተሰብ ጥቂት ነው። እኔም ከዓባይ ማዶ ተነስቼ የሰባት ዓመት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ድሮ ንፋስ የማስሞላው ጎሚስታ ጋ ነበር፤ ጎማውን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጌ ጠንከር ካለ በቃ እላለሁ። ልጄን መጫን ከጀመርኩ በኋላ ግን ነገሩን በደንብ ልያዘው ብዬ የጎማዬን ጎን አነበብኩ። ከ40 እስከ 65 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ይላል። እኔ 82 ኪሎ ነኝ፤ ልጄ ከነቦርሳዋ ወደ 25 ኪሎ ትመጣለች። ስለዚህ 50 ላይ ወሰንኩ። ፓምፑንም የገዛሁት ለዚሁ ነው፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ሁለቱንም ጎማ 50 እስኪል እሞላለሁ።

በአምስት ሳምንት ውስጥ የኋላው ጎማ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ሁለቱን ጊዜ የግራር እሾህ ነው ብዬ አልፌው አዲስ ካላማዳሪ ገዛሁ። ሦስተኛው የሆነው ሰኞ ጠዋት፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ነው። የኋላው እግር በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኖ ብስክሌቱ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ልጄ በክርኗ ወደቀች። ቆዳዋ ተላጠ እንጂ አጥንቷ አልተጎዳም፤ ከኋላችን መኪና ቢኖር ኖሮ ብዬ ሳስብ ግን አሁንም ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ብስክሌቱን እየገፋሁ የሰፈራችን ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ካላማዳሪውን አውጥተው ውኃ ውስጥ ነከሩና አረፋው የወጣበትን ቦታ አሳዩኝ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ስንጥቆች ናቸው፤ እባብ የነደፈው ይመስላል።

«ይህ እሾህ አይደለም» አሉኝ። «እሾህ አንድ ቦታ ነው የሚበሳው። ይህን የነከሰው ቸርኬው ነው። ንፋስ አንሶት ነበር፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በመለኪያ ነው የምሞላው። ትናንት ጠዋት 50 አድርጌዋለሁ» አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ካላማዳሪውን ከጠገኑ በኋላ «ፓምፕህን አምጣው» አሉኝ። ቤት ሄጄ አመጣሁ። በእኔ ፓምፕ፣ እርሳቸው እያዩ፣ መለኪያው 50 እስኪል ሞላሁት። ከዚያ በራሳቸው መለኪያ ለኩት። 28።

የእርሳቸው ይሆናል የተሳሳተው ብዬ በቀጥታ ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። የብስክሌቴ ቫልቭ እንደ መኪና ጎማ ያለ ወፍራሙ ዓይነት ስለሆነ የመኪና መለኪያ ይገባለታል። ጋራዡ ያለው መለኪያ 27 አለ። በእያንዳንዱ ልኬት ጥቂት ንፋስ ስለሚያመልጥ የአንድ ልዩነት ምንም አይደለም። ሁለት መለኪያዎች ተስማሙ፤ የእኔ ብቻ በ22 ይበልጣል።

ይህ 22 ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። የተሽከርካሪው ክብደት የሚያርፈው ጎማው ላይ ሳይሆን ውስጡ ባለው ንፋስ ላይ ነው። ንፋሱ ሲያንስ፣ ጎማው ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ጠርዝ በመታ ቁጥር እስከ ቸርኬው ድረስ ይደፈጠጣል። ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ከንፈሮች መካከል ይያዝና ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ቸርኬው ይጎብጣል፣ የጎማው ጎን ይሰነጣጠቃል፣ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ የቫልቩን ሥር ይገነጥላል። በጀርባዬ ሰው ጭኜ በ28 መንዳቴ ከዚህ የተለየ ውጤት ሊያመጣ አይችልም ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን ይህንኑ ፓምፕ የገዙ ሁለት ባልደረቦች አሉኝ። ሦስቱንም አንድ ቀን ይዘን ጋራዡ ጋ ሄድን። ሁሉንም 50 እስኪሉ ሞላንባቸው። የእኔ 28፣ የአንደኛው 36፣ የሌላኛው 43 ሆነ። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው። ሁሉም በእኩል ቢሳሳቱ ኖሮ «22 ጨምራችሁ ሙሉ» ብዬ እመክራችሁ ነበር። እያንዳንዱ ግን በራሱ መጠን ይዋሻል። ገበያ ላይ ካሉት መካከል ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚዋሽ፣ 50 እያለ 80 የሚሞላ አለመኖሩን ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ጎማውን ከቸርኬው አላቅቆ ሊያፈነዳ ይችላል።

ሱቁ ሄጄ ለባለቤቱ ሁሉንም በዝርዝር ነገርኩት። የሰጠኝ መልስ «ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ መለኪያ ይሳሳታል» የሚል ነው። ሌላም ሰው እንዳይታለልበት ይህን ላፍርሰው። የጎማ መለኪያ የሚለካው በጎማው ውስጥ ባለው ግፊትና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የትም ቦታ ቢሆን ያው ይሠራል። በባሕር ወለል ላይ የውጪው አየር ግፊት 14.7 ፒ ኤስ አይ ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ወደ 12 ይወርዳል። የመለኪያው ቤት ሙሉ በሙሉ ታሽጎ ከፍታው ቢያሳስተው እንኳ ስህተቱ ከ3 አይበልጥም። 22 ከየት መጣ? ከፍታ የሚያመጣው ነገር ቢኖር አየሩ ስስ ስለሆነ ፓምፑን ጥቂት ጊዜ አብዝቶ መግፋት ነው።

ከዚያ በኋላ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ትክክለኛ መረጃ አይደለም። እኔ ግን ስገዛ ደረሰኝ አልጠየቅሁም ነበር፤ ክርክሩም እዚያው ቆመ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛችሁ አትውጡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ እንዴት እንደምትለዩት ነው። የእኔን ፓምፕ ለመጠርጠር ሂሳብ ብቻ ይበቃ ነበር። መለኪያው ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ አንዱ በፒ ኤስ አይ፣ ሌላው በባር። 1 ባር 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው። ስለዚህ 4 ባር ከ58 ጎን መቆም አለበት። የእኔ ላይ 4 ባር የቆመው ከ50 ጎን ነው፤ 8 ባር ደግሞ 116 መሆን ሲገባው ከ130 ጎን ቆሟል። ሁለቱ ረድፎች እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት መለኪያ ቁጥሮቹ ለጌጥ የታተሙበት ነው። ስልካችሁን አውጡ፣ 4 በ14.5 አባዙ፣ ካልገጠመ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ቁጥሮቹ ቢገጥሙም ገና አልጨረሳችሁም። አብዛኞቹ ክብ መለኪያዎች በውስጣቸው የሚሠሩት ፈረንሳዊው ኢዠን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት መንገድ ነው፤ ጠፍጣፋና ጎባጣ የብረት ቱቦ አየር ሲገፋው ቀና ለማለት ይሞክራል፣ በዚያ እንቅስቃሴ ቀስቱን ያዞራል። ቱቦው ከመጠን በላይ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ፓምፑን ሞልታችሁ ስትነቅሉት ቀስቱ ዜሮ ላይ መመለሱን እዩ። ዜሮው ላይ ቀስቱን የሚያቆም ትንሽ ምስማር ካለ ግን አትመኑት፤ ቀስቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ፈልጎ ምስማሩ ይዞት ሊሆን ይችላል።

የመለኪያው ጫፍም፣ ማለትም የመጨረሻው ትልቁ ቁጥር፣ ይታይ። ስህተቱ የሚሰላው ከሙሉው ልክ ነው። እስከ 160 የሚለካና 2.5 በመቶ ስህተት የተፈቀደለት መለኪያ የትኛውም ቁጥር ላይ 4 ሊሳሳት ይችላል። መቶ ለሚሞላ ቀጭን የውድድር ጎማ ይህ ብዙ አይደለም፤ 40 ለሚሞላ ወፍራም ጎማ ግን አንድ አሥረኛ ነው። ወፍራም ጎማ ያላችሁ ጫፉ 100 ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ምረጡ፤ የምትሞሉት ቁጥር መሃል አካባቢ ይውላል፣ መለኪያም ብዙውን ጊዜ በደንብ የሚያነበው እዚያ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ብስክሌታችሁን ይዛችሁ መሄድና ሻጩ ፊት ሞልታችሁ በሌላ መለኪያ ማስለካት ነው። እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ብራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ ያለው፣ ውስጡ ትንሽ የጎማ ቱቦ የለበሰው ቫልቭ ከሆነ ያላችሁ፣ ይህ ሙከራ አይሠራላችሁም። ያ ቫልቭ የሚከፈተው ከፓምፑ በኩል ያለው ግፊት ሲበልጥ ብቻ ስለሆነ በውጪ መለኪያ የጎማውን እውነተኛ ልክ ማንበብ አይቻልም።

ለእነርሱም፣ መለኪያ ለሌለው ሰው ሁሉም፣ በማስመሪያ የሚሠራ መንገድ አለ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንክ በርቶ ያስተማረው ነው፦ ነጂው ሲቀመጥበት ጎማው ከቁመቱ 15 በመቶ ያህል ዝቅ ካለ ንፋሱ ልክ ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ ከመሬት እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን በሚሊሜትር ለኩ። ከዚያ የምትጭኑትን ሁሉ ጭናችሁ ተቀመጡና ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ ይለካ። የእኔ ጎማ ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ 7 ሚሊሜትር ያህል መውረድ አለበት። በዚያ ፓምፕ «50» ሞልቼ ከልጄ ጋር ስቀመጥ 14 ወረደ። በትክክለኛ 50 ሞልቼ ስሞክረው 8 ሆነ። አውራ ጣት ይህን አይነግራችሁም፤ ከ30 በላይ የሆነ ጎማ ሁሉ ለጣት ድንጋይ ነው።

አሁን ፓምፑን ለመግፋት ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ የምለካው ጋራዡ ካለው ጋር አስተያይቼ በገዛሁት ትንሽ የእጅ መለኪያ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይነካው እለካለሁ፤ በጠዋት 50 የነበረ ጎማ በቀትር ፀሐይ 4 ያህል ሊጨምር ይችላል። ኮምፕሬሰር ያለበት ቦታ የምትሞሉ ደግሞ የሚሞላላችሁን ልጅ ቀስ በል በሉት፤ ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ንፋስ የብስክሌትን ካላማዳሪ በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳል።

ያን ስም የለሽ ፓምፕ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ 50 ሞልታችሁ ጎሚስታ ጋ አስለኩት። የወጣውን ቁጥር ከዚህ ጽሁፍ ሥር ጻፉልኝ፤ ቁጥሮቹን ሰብስቤ ለንግድ ቢሮው አቀርባለሁ። እስከዚያው ልጅ የሚቀመጥበትን ብስክሌት በዚያ መለኪያ አትሙሉ።